ዓሣው ሽቅብ ሲወጣ ሕጉ የት ነበር?

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የቀይ ባሕር ጉዳይ በመንግሥት አንደበት በይፋ ከተነሣ በኋላ ማለቴ ነው፣ በአገራችን ስለ ባሕር የማይናገር ሰው ማግኘት ብርቅ ሆኗል። በመምህራን ክበብ ቡና ስንጠጣ ሳይቀር ስለ ወደብ ኪራይ፣ ስለ አሰብ፣ ስለ 1985ቱ የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ እንሟገታለን። እኔም የምለው አላጣም፤ ለሌላ ቀን ይቆየን። ዛሬ ውድ አንባብያንን ላጫውት ያሰብሁት ማንም ስላልወሰደብን ባሕር ነው። አባቶቻችን ጣናን ሐይቅ ብቻ ብለው አላለፉትም፤ ባሕር ብለውታል፤ በዳሩ የተቆረቆረችውንም ከተማ ባሕር ዳር ብለዋታል። ይህ ባሕር ከእጃችን ሳይወጣ እጃችን ላይ እየተራቆተ ነው። በዚህ ጉዳይ የምናሳብብበት የውጭ ጠላት እንኳ የለንም።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር፤ ከጥፋቱ እኔም ድርሻ አለኝና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመስከረም መጀመሪያ፣ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ እየተመለስሁ ነበር። መራዊን አልፈን ወተት ዓባይ ስንደርስ፣ ከግልገል ዓባይ ድልድይ አለፍ ብሎ፣ ወጣቶች በመንገዱ ዳር ቆመው በልጥ የተሰካ ዓሣ ከፍ አድርገው ለአላፊ መኪና ያሳያሉ። ሾፌሩ ቆመ። ዓሦቹ ትልልቅ ናቸው፤ ከክንዴ የሚረዝምም ነበረባቸው።

«ከየት ነው የያዛችሁት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ከዚሁ ከወንዙ ነው። አሁን ጊዜው ነው፤ ከጣና ሽቅብ ይወጣል» አለኝ አንደኛው፤ ዕድሜው ከሃያ የሚያልፍ አይመስለኝም።

«በዚህ ወቅት ወንዝ ላይ ማስገር በሕግ የተከለከለ መሆኑን ታውቃላችሁ?»

ልጁ አልደነገጠም፤ አልተቆጣምም። የማያውቅ ሰውን እንደሚያስረዳ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ሕጉ እኮ የጣናን አስጋሪ ነው። እኛ ገበሬዎች ነን» አለኝ።

እኔ ሕግ የማስተምር ሰው ነኝ። በዚሁ ሙያ ዶክተር የሚል ማዕረግ ከስሜ ፊት ከተለጠፈልኝም ሰንብቷል። ለዚያ ልጅ ግን የምመልስለት አጣሁ። ከዚያ የባሰውን አደረግሁ፦ ዋጋ ተከራክሬ ሁለት ዓሣ ገዛሁና ጉዞዬን ቀጠልሁ። ማታ ባለቤቴ የአንደኛውን ሆድ ስትሰነጥቀው እንደ ዳጉሳ ፍሬ የተጠቀጠቀ ዕንቁላል በትሪው ላይ ፈሰሰ። «ይኼ እርጉዝ አይደለም እንዴ? እንዴት እያወቅህ ትገዛለህ?» አለችኝ። ልጆቹ ፊት ነበር። ዓሣው ተጠበሰ፤ የበላነው ግን ዝም ብለን ነው።

እንግዲህ ይህ ዓሣ ማን እንደሆነ ላስተዋውቃችሁ። በገበያ ቋንቋ «ነጭ ዓሣ» የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። ከአምባዛና ከቀረሶ የተለየ፣ ሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚለው ወገን ሲሆን፣ በውስጡ ብዙ ዝርያዎች አሉት። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳተመው ጽሑፍ ከጣና ያገኛቸውን በርካታ ዓሦች በየስማቸው መዝግቦ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን «ይህ ሁሉ የአንድ ዓሣ የመልክ መለያየት ነው» ብለው አንድ ላይ ጨፈለቋቸው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆላንዱ ቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሌዎ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ፣ የዓሦቹን አፍ፣ አመጋገብና መራቢያ አንድ በአንድ መርምረው 15 የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው የዓሣ ወገን እንዲህ ያለ አዳኝ ማፍራቱ ለሳይንሱ እንግዳ ነገር ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው የዓባይ ወንዝ ዓሣ ስለለያቸው፣ በዚያ በር አልባ ውኃ ውስጥ ለብቻቸው ተባዝተው፣ ለብቻቸው ተለያይተው፣ የጣና ብቻ ሆነው ቀሩ።

ለዚህ የሚስተካከል አንድ ሐይቅ በዓለም ላይ ነበር፤ በፊሊፒንስ፣ በሚንዳናዎ ደሴት የሚገኘው ላናዎ። «ነበር» ያልሁት ሐይቁ ደርቆ አይደለም። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦችና ልክ ያጣ ማስገር ተባብረው የሐይቁን ብርቅዬ ዓሦች ስለጨረሷቸው ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ባወጣው መዝገብ፣ ከላናዎና ከመፍሰሻ ወንዙ 17 ብርቅዬ ዝርያዎች 15ቱ ከምድር ጠፍተዋል ብሏል። ስለዚህ በዓለም ላይ የቀረው ጣና ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ወተት ዓባዩ ልጅ መልስ እንመለስ። የእነዚህ ዓሦች ትልቁ ድክመት ታማኝነታቸው ነው። ከዝርያዎቹ ቢያንስ 7ቱ በሐይቁ ውስጥ አይራቡም። ክረምት ሲገባ፣ ወንዞቹ ድፍርስ ሆነው ሲሞሉ፣ በሐምሌና በነሐሴ በየወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጥሩ ውኃና ጠጠር ያለበት ገባር ሲያገኙ ዕንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። በሌላ አነጋገር የጣና ዓሣ የሚወለደው ጣና ውስጥ አይደለም። ከፊሉ የሚወለደው እኛው ዘንድ፣ በጎጃም ደጋ፣ ከሰከላ ተነሥቶ በሜጫ በኩል በሚወርደው ውኃ ውስጥ፣ ራሱን ዓሣ አስጋሪ ብሎ በማያውቀው ገበሬ ማሳ ሥር ነው። ዓሣ ተበትኖ ሲኖር ለመያዝ ያለፋል፤ ተሰብስቦ በጠባብ የወንዝ አፍ ሲያልፍ ግን አንድ መረብ ይበቃዋል። በዚያ በር ላይ የተዘረጋ መረብ ደግሞ የያዘውን ብቻ ሳይሆን ሊወለድ የነበረውንም ይዞ ነው የሚወጣው።

በቀድሞው ጊዜ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ በዳር በዳሩ ያሰግሩ ነበር። ጉልበታቸውም መሣሪያቸውም ውስን ስለነበር ሐይቁ ቻላቸው። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ግን የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በልማት ፕሮጀክት መልክ ገባ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ አገሪቱ ገና ከድርቁ ማግሥት ነበረችና ምግብ ያስፈልጋት ነበር። ሒሳቡን ያሰላው ግን የሚያዘውን ዓሣ እንጂ የሚወለደውን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የተደረገው ክትትል፣ በማርቲን ደ ግራፍና በባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሞ እንደወጣው፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ክምችት በ75 በመቶ ገደማ፣ የወጣቶቹ ዓሦች ብዛት ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳየ። ሁለተኛው አኃዝ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስፈራል። ትልልቁ ዓሣ ቢያንስ ወጣቱ ይተካዋል፤ ወጣቱ ከሌለ ግን በገበያ ላይ የምናየው የአሮጊቶች ሰልፍ ነው ማለት ነው።

ሕግ የለም ወይ? አለ እንጂ! ሕግ በማውጣት ማን ይቀድመናል? የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ከላይ የጠቀስሁት ጥናት ታትሞ ከመውጣቱ በፊት ነው። መርዝና ፈንጂን ከለከለ፤ ለንግድ የሚያሰግር ፈቃድ እንዲይዝ አዘዘ፤ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ የሚባል ሹመት ፈጠረ። የአማራ ክልልም ብዙ ሳይቆይ የራሱን አዋጅ አወጣ፤ የማስፈጸሚያ ደንቡም እ.ኤ.አ. በ2007 ተከተለ። በመራቢያ ወቅት በወንዞችና በወንዝ አፎች ማስገር የተከለከለውም በዚሁ የክልል ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱን ብንገልጥ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 5 የተፈጥሮ ሀብት ሕግ ማውጣትን ለፌዴራሉ፣ አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2(መ) ማስተዳደሩን ለክልሎች ይሰጣል። በወረቀት ላይ ቀዳዳ አይታይም። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ስዘረዝር ኖሬያለሁ፤ ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ወተት ዓባይ ድልድይ ላይ የቆመው ልጅ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ያፈረሰው ይህን ሰሌዳ ነው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የልጅነቴ ነገር አለ። ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ጨሞጋ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ በሚጀምርበት አካባቢ ነው። በበጋ ወንዙ ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ይሆናል፤ ዓሣውም በየኩሬው ይታጎራል። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የዐሥር ወይም የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ይመስለኛል፣ አራት ሆነን የብርብራ ፍሬ ለቀምን፤ በድንጋይ ወቀጥን፤ ከጭቃ ለውሰን በአንዱ ኩሬ ውስጥ በተንን። ብርብራ የጎጃም ልጅ ሁሉ የሚያውቀው መርዝ ነው። በውስጡ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳለና ዓሣው ውኃ ውስጥ እያለ ትንፋሽ እንደሚነሣው ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። በዚያ ቀን ያየሁት ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ የተንሳፈፈ ነጭ ነገር ብቻ ነበር። ትልቁን መረጥን፤ ጣት የማያህለውን እዚያው ተውነው። ከኩሬው በታች ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ማድጋቸውን እንደያዙ እየጮኹ መጡ፤ እኛ ሮጠን ተበታተንን።

በማግሥቱ አውጫጭኝ ተጠራ። ለከተማ ልጆች ላስረዳ፤ አውጫጭኝ ማለት ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ አባወራ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ የማይበተንበት ሥርዓት ነው። ያየ ሰው በስሙ አይጠራም፤ «ወፍ» ይባላል። አባቴ ግን ወፍ እስኪናገር አልጠበቀም። ተነሣና «ከአራቱ አንዱ የእኔ ነው» አለ። ከዚያ ሦስቱ አባቶች ተከትለው ተነሡ። የተፈረደብን ገንዘብ አልነበረም፤ ገንዘብማ የት ተገኝቶ! ሽማግሌዎቹ የፈረዱት እኛው አራታችን ኩሬውን ክረምት እስኪገባ ድረስ በየተራ እንድንጠብቅ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት፣ ከብት እየጠበቅን፣ አንድ ኩሬ ጠበቅን። ሌሎች ልጆች ብርብራ ይዘው ሲመጡ ያባረርናቸው እኛው መራዦቹ ነን። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ይሥቃሉ። እኔ ግን በሕግ ትምህርት ቤት ካሳለፍሁት ጊዜ ሁሉ ይልቅ ስለ ማስፈጸም የተማርሁት በዚያ ኩሬ ዳር ነው።

ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። አውጫጭኝ ንጹሕ ሰው ያንገላታል፤ ድሀና መጻተኛ በቀላሉ ይወቀስበታል፤ ሴት በዚያ ጉባኤ ላይ ድምፅ አልነበራትም፤ የጮኹት ሴቶች ግን ነበሩ። ቢሆንም አንድ ነገር ነበረው፤ ሕጉ ኩሬው ዳር ይገኝ ነበር። የከለከለው፣ የሚጎዳውና የሚጠብቀው አንድ ሰው ነበር። የመንዝ ሰዎች ጓሳን ለዘመናት ያቆዩት በዚሁ መንገድ ነው። ሣሩን ለተወሰኑ ዓመታት ዘግተው፣ በአባ ቄራ አስጠብቀው፣ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ ያጭዳል። ሥርዓቱ የቄሮ ሥርዓት ይባል ነበር፤ (ስሙ ዛሬ ሌላ ነገር ያስታውሳል፤ ግንኙነት የለውም።) ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ መሬቱ የሁሉም ሲባል የማንም ሆነና ሥርዓቱ ፈረሰ። ዝግ ወቅት የሚለውን ሐሳብ ከውጭ አገር መጽሐፍ መቅዳት እንደማያስፈልገን ለማሳየት ነው ያነሣሁት።

ሕጋችን ግን የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረታዊ አስተሳሰብ፣ ባለቤት የሌለውን ነገር የያዘ ባለሀብት ይሆናል። ዓሣም እንዲሁ ነው፤ እስኪያዝ ድረስ የማንም አይደለም፤ ሲያዝ የያዡ ነው። እንዲህ ባለው አስተሳሰብ ላይ ክልከላ ስንደርብበት ክልከላው የመንግሥት ሆነ፤ ዓሣው ግን የማንም እንደሆነ ቀረ። የማንም ያልሆነን ነገር ደግሞ ማን ይጠብቃል?

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በሐይቁ ዙሪያ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ ዐቃቤ ሕግ ነበር፤ ስሙንም ወረዳውንም ልተወው። በአንድ ነሐሴ መረብ ይዘው የተገኙ ሰዎችን ከሰሰ። ተከሳሾቹ «ያሰገርነው ከሐይቁ ነው እንጂ ከወንዙ አፍ አይደለም» አሉ። ሐይቁ በክረምት ሞልቶ ወንዙን ስለዋጠው፣ አፉ የት እንደሆነ መሬት ላይ የሚያሳይ ምልክት አልነበረም፤ መጥቶ የሚያስረዳ ባለሙያም አልተገኘም። መረቡ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። «ጋሼ፣ አንቀጹን አልተሳሳትሁም፤ ወንዙን ነው ያጣሁት» አለኝ በስልክ። እኔ ያሰተማርሁት አንቀጹን ነበር።

ይህ የሆነው በደኅናው ጊዜ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ አንባቢ ያውቀዋል። ጥይት በሚጮኽበት ቀበሌ የዓሣ ተቆጣጣሪ ይሂድ ማለት ቀልድ ነው። ግን ሕጉን የሰበረው ጦርነቱ ነው ብለን ራሳችንን እንዳናታልል። ከጦርነቱ በፊትም ከሱዳን በኩል የሚገባው፣ በውኃ ውስጥ የማይታየው የአንድ ክር ናይለን መረብ በገበያ ይሸጥ ነበር፤ የደረቀ ዓሣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይጫን ነበር። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ሲታይ አገር ጉድ አለ፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ዲያስፖራው ተረባርቦ አረሙን ነቀለ፤ ጥሩ አደረገ። እምቦጭ ለዓይን ይታያል፤ አረንጓዴ ነው፤ ፎቶ ይነሣል። የጎደለ ዓሣ ግን ፎቶ አይነሣም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ክልልነት ሲመዘግበውም ያከበርነው በዘፈን ነው፤ በዚያ ነሐሴ ስንት መረብ ከወንዝ አፍ እንደተነሣ የጠየቀ አልነበረም።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ እኔም በከፊል እስማማበታለሁ። «መሬት የሌለውን ወጣት፣ ከሐይቅ በቀር ርስት የሌለውን ወይጦ፣ በክረምት ጎተራው በሚራቆትበትና ለልጁ ደብተር በሚገዛበት ወቅት ዓሣ አትያዝ ማለት ፍትሕ ነው ወይ?» ካሣ የሌለው ክልከላ ፍትሕ አይደለም። የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 በኒውፋውንድላንድ ባሕር የኮድ ዓሣን ማስገር ሲያግድ 30 ሺህ ያህል ሰው በአንድ ቀን ሥራ ፈታ። እገዳው ለ2 ዓመት ተብሎ ተጀምሮ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ 32 ዓመት! ያ መንግሥት ሳይንቲስት አላጣም፤ ጀልባም፣ ገንዘብም፣ ፍርድ ቤትም አላጣም። ያጣው ወቅቱን ነው፤ በየዓመቱ «አንድ ዓመት እንጨምር» ሲል ኖሮ በመጨረሻ ሕጉ የደረሰው ለቀብር ነው። ለዓሣ አጥማጆቹ ድጎማ ከፈለ፤ እኛ ግን እንዲያ ያለው ቀን ቢመጣብን የምንከፍለው የለንም። ለእኛ ድሀነታችን ቶሎ ለመዝጋት ምክንያት እንጂ ለመዘግየት ሰበብ ሊሆን አይገባም። የሚዘጋው ደግሞ ሐይቁ አይደለም። ቀረሶ የሚራባው በሐይቁ ዳር ነው፤ አምባዛም ወንዝ ላይ ካልወጣሁ አይልም። የሚዘጋው ሦስት ወር ያህል፣ ጥቂት የወንዝ አፎችና ከእነርሱ በላይ ያሉት ጠጠራማ ገባሮች ናቸው።

ማን ይዝጋቸው ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ፣ ባልደረቦቼ «ቅኔ ቤት የገባ ሕግ» እያሉ ቢያሾፉብኝም፣ የወንዙ ዳር ቀበሌዎች ናቸው የሚል ነው። ሕጉ ክልከላውን ከማወጅ አልፎ፣ ከአፉ እስከ ገባሩ ያለውን ውኃ በስም ለይቶ፣ ድንበሩን በድንጋይ አስተክሎ፣ በዚያ ዳር ለሚኖሩት ሰዎች በጋራ ይዞታነት ይስጣቸው። ከመስከረም በኋላ በዚያ ወንዝ ላይ የማስገር መብት የእነርሱ ብቻ ይሁን፤ የተያዘ መረብ ቅጣትም ከፊሉ ለቀበሌው ይግባ። ያን ጊዜ የወተት ዓባዩ ልጅ «ሕጉ የጣናን አስጋሪ ነው» አይለኝም፤ ዓሣውን እየጠበቀ ያለው እርሱ ነውና። ምርምሩ በእጃችን አለ፤ የባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከልና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የትኛው ዝርያ በየትኛው ወንዝ መቼ እንደሚወጣ ለዓመታት ሲመዘግቡ ኖረዋል።

ነገር ግን አንድ የማያስተኛኝ ጉዳይ አለ። ዓሣውን የሚያስቀረው መረብ ብቻ አይደለም። በሜጫ የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር መሬት እንዲያለማ ተሠርቷል፤ ያለማውን ስንዴና ድንች እኔም በልቻለሁ። በርብም ግድብ ቆሟል። ዕንቁላሏን ልትጥል ለምትወጣ ዓሣ ግድብ ግድግዳ ነው። ከየወንዙ አልጋ ለግንባታ የሚዛቀው አሸዋና ጠጠርም ለእርሷ የማዋለጃ ክፍል ነበር። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከዓሣው አዋጅ ጋር በአንድ ዘመን የወጣ መንትያው ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲጠና ያዛል። በክፍል ውስጥ ሁለቱን አዋጆች በተለያየ ሳምንት ነው የማስተምራቸው፤ በወንዙ ላይ ግን በአንድ ቀን ነው የሚገናኙት። ብርብራ የበተነ ሕፃን አውጫጭኝ ይጠራበታል፤ መረብ የዘረጋ ወጣት ይከሰሳል፤ የወንዙን በር የዘጋው መሥሪያ ቤት ሪባን ይቆርጣል። ግድብ አይሠራ አላልሁም፤ ጾም አዳሪ ሕዝብ ፊት ቆሜ ይህን ለማለት ድፍረቱም የለኝ። ግን በመራቢያው ወራት ስንት ውኃ ይለቀቅ፣ ከግድቡ በታች ያለው ገባር ለዓሣው ይከለል ወይ የሚለውን ጥያቄ ማን ይጠይቅ?

መንገዱ ሲከፈት ጠብቄ፣ ካደግሁበት አካባቢ ሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብዬ ነበር። ለጨሞጋ ኩሬዎች የሚሆን አጭር መተዳደሪያ ደንብ አርቅቄ፣ ካልሆነ ለመለማመጃ ይሆነናል ብዬ፣ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። መርዝ የበተነ ምን ይሁን፣ ጠባቂው በየተራ እንዴት ይመረጥ፣ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች በጉባኤው እንዴት ይወከሉ የሚሉ ዐሥራ አንድ አንቀጾች ነበሩት። በአብዛኛው ተስማሙ፤ ስለ ጠባቂው አበል ግን ረጅም ክርክር ሆነ። ከአራቱ አባቶች በሕይወት ያሉት አንዱ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰምተው፣ «አንተ ልጅ፣ ይህን ለግልገል ዓባይም ላድርገው ብለሃል አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ አያ።»

«መልካም ነው። የእኛን ልጆች እንቀጣለን፤ ያንተንም ቀጥተናል። ወንዙን በድንጋይ የዘጋውንስ የት ቀበሌ ጠርታችሁ ታውጫጩታላችሁ?»

ዐሥራ ሁለተኛውን አንቀጽ በእርሳስ ጀምሬዋለሁ። ቁጥሩንና ርእሱን ጽፌያለሁ፤ ከዚያ በታች እስካሁን ባዶ ነው።